ዳያሎግ ቦክሱ ያረጀባችሁ፦ በምን ብትቀይሩት ይሻላል?

ለሱቅ፣ ለፋርማሲ ወይም ለክሊኒክ የዊንዶውስ ፕሮግራም የምትሠሩ ልጆች ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ አለ። ዋናው ገጽ አምሮበታል፤ ዳያሎግ ቦክሱ (ጥያቄ ወይም ማስጠንቀቂያ ይዞ ብቅ የሚለው ትንሽ መስኮት) ሲመጣ ግን የድሮ ነው። ምን እንጠቀም? የሚሸጥ ዲዛይን ከመፈለጋችሁ በፊት ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ሞክሩ እላለሁ።

በሲ ሻርፕ፣ በዊንፎርምስ (የዶት ኔት የመስኮት መሥሪያ) ለምትሠሩ ቀዳሚው ጥቆማዬ ታስክ ዳያሎግ ነው፤ በተለመደው ሜሴጅ ቦክስ ምትክ የሚገባ የዊንዶውስ የራሱ ዳያሎግ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዶት ኔት 5 ሲወጣ ደግሞ ዊንፎርምስ ውስጥ በቀጥታ ገባ፤ ተጨማሪ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) አይፈልግም። ገና በድሮው ዶት ኔት ፍሬምወርክ ላይ ከሆናችሁ ኦኪ ዳያሎግስ የሚባል ነፃ ላይብረሪ አለ፤ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳይ። ካሸሯ ደረሰኝ ልትሰርዝ ነው። ሜሴጅ ቦክስ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃታል፤ ከሥሩ «የስ» እና «ኖ» ይመጣሉ። በተኖቹ የዊንዶውሱን ቋንቋ ስለሚከተሉ ጥያቄው በአማርኛ፣ መልሱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በታስክ ዳያሎግ ግን ከላይ ጎላ ባለ ፊደል «ይህ ደረሰኝ ይሰረዝ?» ትላላችሁ። ከሥሩ አነስ አድርጋችሁ «ዕቃው ወደ ስቶክ ይመለሳል፤ ሒሳቡ ከዛሬ ሽያጭ ይቀነሳል» ብላችሁ ትጨምራላችሁ። በተኖቹን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ፦ «ይሰረዝ»፣ «ይቅር»። ወረፋ በበዛበት ሰዓት ጽሑፉን ባታነበው እንኳ በተኑ ምን እንደሚያደርግ ይነግራታል። ኢንተር ስትጫን የሚመረጠው «ይቅር» እንዲሆን አድርጉት። ዝርዝር ማየት ለሚፈልግ ከታች የሚዘረጋ ክፍልም አለው። «ድጋሚ አትጠይቀኝ» የሚል ሳጥንም ይቀበላል፤ ስረዛ ላይ ግን እሱን ባታስገቡ እመርጣለሁ።

ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን አሮጌ የሚያስመስለው ደግሞ ፎንቱና የፊደሉ መደብዘዝ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ስኬላቸው 125 ወይም 150 ፐርሰንት ላይ ነው። ፕሮግራሙ ለዚያ ካልተዘጋጀ ዊንዶውስ ለጥጦ ያሳየዋል፣ ፊደሉም ይደበዝዛል። ፕሮግራሙ ራሱን ከስክሪኑ ስኬል ጋር እንዲያስተካክል ሃይ ዲፒአይ ሞድ የሚባለውን ሴቲንግ ፐር ሞኒተር ቪ2 አድርጉት። የድሮው የዊንፎርምስ ፎንት ማይክሮሶፍት ሳንስ ሰሪፍ 8.25 ነው፤ አዲሱ ሲጎ ዩአይ 9 ነው። ሲጎ ግን የአማርኛ ፊደል የለውም። ዊንዶውስ በሌላ ፎንት ይተካለታል፤ ያኔ ቁመቱ ስለሚለያይ ጠባብ ሌብል (ጽሑፍ የሚታይበት ሳጥን) ውስጥ የፊደሉ አናት ወይም እግር ሊቆረጥ ይችላል። የራሳችሁን ፎርም ስትሠሩ ኤብሪማ የሚባለውን ፎንት ምረጡ፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ አለ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም ያምራል፤ እሱን ግን ከፕሮግራሙ ጋር አብራችሁ ማስገባት አለባችሁ። የሌብሉን ቁመት በቁጥር አትገድቡት፤ አውቶ ሳይዝ ይሁን፣ በጽሑፉ ልክ ራሱ ይሰፋል።

ደብሊው ፒ ኤፍ (ሌላው የዶት ኔት የመስኮት መሥሪያ) ለምትጠቀሙ፦ ዶት ኔት 9 የዊንዶውስ 11ን መልክ የሚሰጥ ፍሉወንት ቴም ይዞ መጥቷል፣ ዳርክ ሞድንም ይከተላል። ሜሴጅ ቦክሱን ግን አይነካውም። ለእሱ ደብሊው ፒ ኤፍ ዩአይ የተባለውን ነፃ ላይብረሪ ጨምሩበት።

በጃቫ ስዊንግ (የጃቫ የመስኮት መሥሪያ) ከሆነ ሌላ አትፈልጉ፤ መልኩን የሚቀይረው ፍላትላፍ የሚባል ላይብረሪ ነው። ነፃ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ፣ ማንኛውም መስኮት ሳይከፈት በፊት አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፤ የስዊንግ ዳያሎግ የሆነው ጄ ኦፕሽን ፔንም አብሮ ይለወጣል። ከሁሉም ትንሽ ልፋት የሚጠይቀው እሱ ነው።

ፓይተን ላይ ከስተም ቲኪንተር የሚባለው ላይብረሪ ለዋናው ገጽ ጥሩ ነው፤ የራሱ ሜሴጅ ቦክስ ግን የለውም። የተለመደውን ከጠራችሁ ያው የዊንዶውሱ ይመጣል። ትንሽ መስኮት ራሳችሁ ሠርታችሁ ለሁሉም ቦታ ብትጠቀሙባት ይሻላል።

ከሚሸጡት የዲዛይን ጥቅሎች ዴቭኤክስፕረስና ቴሌሪክ የተሟሉ ናቸው፤ ክፍያቸው ግን በዶላር ነው። ትልልቅ ሠንጠረዥና ሪፖርት ያለው ሥራ ከያዛችሁ ያዋጣችኋል። ለዳያሎግ ብቻ ብላችሁ ግን አትግዟቸው።