አንድ መዳብ፣ ሦስት መልስ፦ 42፣ 73 ወይስ 114 በመቶ?

የዳንግላዋ
እንዴት ሰነበታችሁ? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በቤተ ሙከራ 5 ግራም ኮፐር ሰልፌት በሙቅ ውሃ አሟምተን፣ በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈግናቸውን 3 ግራም ሚስማሮች ጨመርንበት። በማግስቱ ሰማያዊው ውሃ ፈዛዛ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሚስማሮቹም ቀይ ቡናማ መዳብ ለብሰው አገኘናቸው። መዳቡን ፍቀን፣ አጥልለን፣ ወረቀት ላይ አስጥተን ከወርቅ ሠሪ በተዋስነው ሚዛን ስንመዝነው 1.45 ግራም ሆነ።

ጠቡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኔ ብረቱ በክብደት ስለሚያንስ ሊሚቲንግ ሪአክታንቱ (ቀድሞ የሚያልቀው) እሱ ነው ብዬ ዪልዱን፣ ማለትም ሊወጣ ከሚችለው መዳብ ያገኘነው ስንት እጅ እንደሆነ፣ 42 በመቶ አገኘሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ 73 አለች። ከኋላችን ያለው ልጅ 114 ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። ማን ነው ትክክል?

የቡሬ ልጅ
ከ100 በላይ ዪልድ የለም። 73 ብለሽ አስረክቢ፣ ማንም አይጠይቅሽም።

ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ
ልጄ፣ 73 ብለሽ እንዳታስረክቢ።

መጀመሪያ ያንቺን እንይ። ግራምን ከግራም ማወዳደር አያዋጣም። ለአንድ ጥማድ አንድ ቀንበርና ሁለት በሬ ያስፈልጋል። ሦስት ቀንበርና አራት በሬ ያለው ሰው ስንት ጥማድ ያወጣል? ሁለት። በሬው በቁጥርም በክብደትም ይበልጥ ነበር፤ ቀድሞ ያለቀው ግን እሱ ነው፣ አንዱ ቀንበር ሥራ ፈትቶ ቀረ። (መቀናጆ ይፈለግለታል እንዳትይኝ፣ ብልቃጥ ውስጥ ጎረቤት የለም።) ስለዚህ ሁሉንም ወደ ሞል (ክብደትን ሳይሆን የቅንጣቶችን ብዛት መቁጠሪያ) ለውጪው። 3 ግራም ብረት ለአንድ ሞል ክብደቱ፣ ለ55.8፣ ሲካፈል 0.054 ሞል ገደማ ነው። ኮፐር ሰልፌቱ በየትኛውም ስሌት ከዚህ ያንሳል፤ አንድ ለአንድ ስለሚገናኙም ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።

የ73 እና የ114 ጠብ ደግሞ ከቀለሙ ይፈታል። ከብልቃጡ ያወጣችሁት ሰማያዊ ነበር አይደል? ውሃ የሌለው ኮፐር ሰልፌት ነጭ ነው። ሰማያዊው በእያንዳንዱ ሞል አምስት ሞል ውሃ ስለተሸከመ የአንድ ሞል ክብደቱ 159.6 ሳይሆን 249.7 ግራም ነው። 5 ግራሙ እንግዲህ 0.02 ሞል ብቻ ነው፣ ሊወጣ የሚችለው መዳብም 1.27 ግራም። ጓደኛሽ ውሃውን ኮፐር ሰልፌት ብላ ቆጥራዋለች። የሳቃችሁበት ልጅ ስሌቱ ልክ ነው፤ ጥፋቱ ያለው መዳቡ ላይ ነው። ወይ አልደረቀም፣ ወይ ስትፍቁ የብረት ብናኝ ገብቶበታል።

ካላመንሽኝ ሚስማሮቹን አጥበሽና አድርቀሽ መዝኛቸው፤ ከብረቱ የሚያልቀው በሞል የኮፐር ሰልፌቱን ያህል ነውና። ወደ 1.88 ግራም ከሆኑ ልጁ ልክ ነው፤ ወደ 1.25 ከሆኑ ጓደኛሽ።

የቤተ ሙከራ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር
መምህር እንዳሉት ነው። ብቻ መዳቡን ከሰል ላይ እንዳታደርቁት፤ ይጠቁራል፣ ኦክሳይድ ሆኖ ክብደቱም ይጨምራል። ውሃ የሚፈላበት ድስት ላይ ሳህን ገጥማችሁ በእንፋሎቱ አድርቁት። መዝኑት፣ እንደገና አድርቁት፣ እንደገና መዝኑት። ቁጥሩ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ማግኔት አስጠጉበት፤ የሚዘል ብናኝ ካለ ብረት ነው።

የዳንግላዋ
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሚስማሮቹ 1.91 ሆኑ። ማግኔቱ ጥቂት ብናኝ ለቀመ። መዳቡ መጀመሪያ 1.30፣ ቀጥሎ 1.19፣ በሦስተኛው ጊዜም 1.19 መዘነ፤ 94 በመቶ ገደማ። ወርቅ ሠሪው ሚዛኑን ሊወስድ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር።

ልጁን ይቅርታ ጠይቀነዋል። እሱ ግን 114ቱን ከደብተሩ አልሰርዝም ብሏል።