«ለዚህ ያበቃኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የልጅ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከእኛ በላይ አንዲት እናት አሉ። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው፣ ስንት ዓመት ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ሲዞሩ ኖረው ነው ዕጣው የወጣላቸው። የሌሎቻችን ቤት ሴራሚክና ጂፕሰም ገብቶለታል። የእሳቸው ወለል ዛሬም ሊሾ ነው። ግን እንዴት አድርገው እንደሚወለውሉት! ውኃ በፈረቃ ስትመጣ ሌሊት ተነስተው ጀሪካኖቻቸውን ይሞላሉ። የመጨረሻውን ክዳን ጠበቅ ያደርጉና «ለዚህ ያበቃኝ ጌታ ይመስገን» ይላሉ። ድምፃቸው በደረጃው በኩል ይሰማናል።

የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ «እማዬ፣ እማማ ቤታቸው በቃኝ አሉ እንዴ? ሰለቻቸው?» አለኝ። አይ፣ አልሰለቻቸውም አልኩት። ከዚያ በላይ ማስረዳት ግን አቃተኝ። «በቃኝ»፣ «ይበቃኛል»፣ «ያበቃኝ»፤ ሥራቸው አንድ ነው አይደል? ታዲያ አንዱ ምሬት፣ አንዱ ምስጋና እንዴት ሆነ?

መልስ፦

እህቴ፣ ልጅሽ ትልቅ ነገር ነው የነካው። ቃሉ ከግእዙ «በቍዐ» ጋር ይዛመዳል። «በቍዐ» ጠቀመ፣ ረባ ማለት ነው። አማርኛችን ግን ቃሉን በሁለት መንገድ ነው የሚያስኬደው። ልዩነቱ የሚገኘው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ስንጠይቅ ነው።

«ምግቡ ይበቃኛል» ስል ባለቤቱ ምግቡ ነው። እሱ መጥቶ የእኔ ልክ ላይ ደረሰ። «ልጁ ለወግ ለማዕረግ በቃ» ስል ግን ባለቤቱ ልጁ ነው። ልጁ ሄዶ ሄዶ ማዕረጉ ልክ ላይ ደረሰ። «መጽሐፉ ለኅትመት በቃ» ስንልም እንደዚያው። ብቃት፣ ብቁ የሚሉት ቃላት ከዚሁ ወገን ናቸው። ጸሎታቸው የሚሰምር መነኩሴ ሲገጥመን ደግሞ «የበቁ አባት» እንላለን። ለምን እንደበቁ እንኳ አንጠይቅም።

እንግዲህ ጎረቤትሽ «ያበቃኝ» ሲሉ ባለቤቱ አምላካቸው ነው፤ የደረሱት ራሳቸው ናቸው። ቤቱ አነሰም በቃም አላሉም። «እዚህ ድረስ አመጣኝ» ነው ያሉት። ለእኔ ይህ ከ«ይበቃኛል» ይበልጥብኛል። «ይበቃኛል» የሚል ሰው ያለውን ለክቶ፣ ፍላጎቱን ለክቶ፣ ሁለቱን አስተያይቶ ነው። «ያበቃኝ» የሚል ሰው የሚያየው የመጣበትን መንገድ ነው። እሳቸው ሊሾውን ሲወለውሉ የሚታያቸው የጎረቤት ሴራሚክ ሳይሆን የኪራይ ቤቱ ዘመን ይመስለኛል።

ልጅሽን ያሳሳተው የጊዜው ነገር ነው። «በቃኝ» ኃላፊ ነው፤ አልቆ የተዘጋ። ማዕድ ላይ «በቃኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ሲባል ጨዋነት ነው። ብቻውን ሲመጣ ግን በር ይዘጋል። «ኑሮ በቃኝ» ያለ ሰው ከጎኑ ቶሎ ሰው ያስፈልገዋል። መናኝም «ዓለም በቃኝ» ብሎ ነው ገዳም የሚገባው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠራ እስር ቤት ነበር። ዛሬ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል፤ የተመረቀው ጥር 2004 ዓ.ም. ነው። መናኝ ወዶ የሚለውን ቃል እስረኛ ሳይወድ ሲኖርበት አስቢው። ቃሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በሩን የዘጋው ማን ነው የሚለው ነው።

«ረካ» የጥም ነው፣ «ጠገበ» የሆድ ነው። ከ«ጠገበ» «ጥጋበኛ» ወጥቷል። ከ«በቃ» እንደዚያ ያለ ስድብ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው።

ሌላ መልስ፦

እኔ ያደግሁት ሰንዳፋ አጠገብ ነው። ነገሩ ስለ ባለን ነገር ከሆነ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሳይነሳ አይታለፍም። የኮንዶሚኒየም ልጆች ቆጥ አያውቁም። እኛ ቤት ቆጡ ከራስ በላይ በእንጨት የተረበረበ ነበር። ዕቃ ይቀመጥበታል፣ ማታ ዶሮ ይሰፍርበታል። እናቴ ገበያ ደርሳ ስትመለስ የያዘችውን በብብቷ እንደሸጎጠች ቆጡ ላይ ያለውን ለማውረድ ትንጠራራ ነበር። ክንድ ሲነሳ ብብት ይከፈታል። የተሸጎጠው መሬት ይወርዳል። አንድ ቀን የወደቀው በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ነበር። ከአፈሩ ጋር የተቀላቀለውን ስኳር በእጃችን ስንለቅም አመሸን።

ይህን ተረት ብዙ ሰው ወጣት ለማስቀመጥ ይጠቀምበታል። «አርፈህ ተቀመጥ» ለማለት። ይህ ልክ አይመስለኝም። ተረቱ ቆጡን አትመኚ አይልም። የቆጡም የራሷ ነው፤ ቤቷ ውስጥ ነው ያለው። ጥፋቷ የያዘችውን አንድ ቦታ ሳታስቀምጥ መንጠራራቷ ነው። እንዲያውም የብብቷን የረሳችው ስለያዘችው ነው። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለውም ይኸው ነው። የያዙት ነገር አይታይም።

ከዚሁ ጋር «ቤት ያፈራውን» የሚለውን ጨምሩልኝ። እንግዳ ሲመጣ ቆሎም ይሁን ዶሮ የምናቀርበው በዚህ ቃል ነው። ያለኝ ይኸው ነው ብሎ ማፈር የለበትም። ቤት እንደ ዛፍ ያፈራል፣ ያፈራውን እንቀምሳለን። ስለ መብቃቃት ከዚህ ያማረ አነጋገር አላውቅም።

ጠያቂዋ፦

አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁንም። ትናንት ማታ እማማ ቡና ጠርተውን ወጣን። ሊሾው ላይ ቄጤማ ጎዝጉዘዋል። ቆሎ ሲያቀርቡ «በሉ እንግዲህ፣ ቤት ያፈራውን» አሉ። ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። ቤት ውስጥ አንብቤለት ነበር።

ቆሎውን ሲጨምሩለት «ይበቃኛል» አላቸው እንጂ «በቃኝ» አላለም። ከዚያ ሳላስበው «እማማ፣ ሴራሚክ አያስገቡም?» ብሎ ጠየቃቸው። ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ሳቅ ብለው «አስገባለሁ እንጂ! ትንሽ ትንሽ እያጠራቀምኩ ነው» አሉት። የወደፊቱን እንደማይመኙ አድርጌ ነበር የማስባቸው። ተሳስቼ ነበር።

አቦሉ አለቀ፣ ቶናው ተጠጣ። ነገ ትምህርት ቤት አለ ብዬ ልጄን ይዤ ልነሳ ስል እማማ ጀበናውን መልሰው ከሰሉ ላይ ጣዱት።

«ወዴት ወዴት?» አሉኝ። «ገና በረካው አለ።»