ባለገመድ ማዳመጫን ክብ ቀዳዳ ከሌለው ስልክ ጋር ስለማገናኘት

ጥያቄ (ከጅማ)፦
ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ የጆሮ ማዳመጫ አለኝ፤ አዲሱ ስልኬ ግን የታይፕ ሲ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ሂርማታ ገበያ አካባቢ የገዛሁት አዳፕተር በወንድሜ ስልክ ላይ በትክክል ሲሠራ በእኔ ስልክ ላይ ምንም ድምፅ አያሰማም። የተቀዱ ትምህርቶችን የማዳምጠው በዚሁ ማዳመጫ ስለሆነ መፍትሔውን ብትጠቁሙኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
አዳፕተሩ የተበላሸ አይመስለኝም። የታይፕ ሲ አዳፕተሮች ከውጭ ሲታዩ ቢመሳሰሉም ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው ስልኩ ራሱ ያዘጋጀውን አናሎግ ድምፅ በሽቦ ብቻ የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ ሌላኛው ዲጂታሉን መረጃ ወደ አናሎግ ድምፅ የሚለውጥ ዳክ የተባለ ትንሽ ቺፕ በውስጡ የያዘ ነው። የወንድምዎ ስልክ በታይፕ ሲ ቀዳዳው አናሎግ ድምፅ የሚያወጣ ይመስላል፤ የእርስዎ ግን ካላወጣ ዳክ ያለው አዳፕተር ያስፈልግዎታል። ሻጮች ብዙ ጊዜ ልዩነቱን ስለማይነግሩ፣ ስልክዎንና ማዳመጫዎን ይዘው ሄደው እዚያው ሳይሞክሩ ባይከፍሉ ይሻላል።

መልስ 2፦
በተሰጠው መልስ እስማማለሁ። አይፎን ለያዙ ሰዎችም ልጨምር፦ ክቡ ቀዳዳ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው አይፎን 7 ጀምሮ ቀርቷል፤ እስከ አይፎን 14 ድረስ ያለው ቀዳዳ ላይትኒንግ የተባለው የአፕል የራሱ ዓይነት፣ በ2023 ከወጣው አይፎን 15 ወዲህ ደግሞ ታይፕ ሲ ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ማዳመጫው ማይክሮፎን አለው፤ የድሮው ላፕቶፔ ግን ለድምፅና ለማይክሮፎን ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች አሉት። ለእሱስ ምን ይሻላል?

መልስ 1፦
ለእሱ ዳክ አያስፈልግም። በጃኩ ላይ ሦስት ቀለበቶች ካሉ፣ የድምፁንና የማይክሮፎኑን መስመር ለይቶ በሁለት ጃኮች የሚያወጣ ማከፋፈያ ገመድ ይበቃዎታል።