በቤት የሠራሁት የኋላ ዲፊዩዘር አየሩን ይዞ አልቆይ አለኝ

የምኖረው ድሬዳዋ ሲሆን፣ ለቶዮታ ኮሮላ መኪናዬ የአየር ግጭቱን ይቀንስልኛል ብዬ ከኋላ መከላከያው ሥር የሚገጠም ዲፊዩዘር (ከመኪናው ሥር የሚያልፈው አየር ቀስ በቀስ እየሰፋ እንዲወጣ ወደ ላይ የሚነሣ ሰሌዳ) ከአሉሚኒየም ላሜራ ሠርቻለሁ። ርዝመቱ 60 ሴንቲሜትር ነው፤ ወደ ኋላ ሲሄድ በ15 ዲግሪ ወደ ላይ ይነሣል። አጫጭር የሱፍ ክሮች ለጥፌበት፣ ወደ ደወሌ በሚወስደው መንገድ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየነዳሁ ከሥር በታሰረች ትንሽ ካሜራ ስቀርጸው፣ የፊተኛው ጠርዝ ክሮች ቀጥ ብለው ሲቆዩ ከመሃል ወደ ኋላ ያሉት ይርገበገባሉ፣ አንዳንዶቹም ወደ ፊት ይታጠፋሉ፤ ይህም አየሩ ከላሜራው ገጽ እንደሚላቀቅ ያሳያል። ችግሩ በማርሚታው በኩል ይብሳል። ከዲፊዩዘሩ በፊት ያለው የመኪናው ሆድ አልተሸፈነም፤ ማርሚታው ስለሚግል በፕላስቲክ መሸፈኑን አልመረጥሁም። ላሜራውን ደጋግሞ ማጠፍ ስለሚሰብረው፣ ማዕዘኑን ወደ 8 ዲግሪ ከማውረዴ በፊት የመኪናውን ሆድ በጠፍጣፋ ላሜራ ብሸፍን የአየሩ መላቀቅ ይቀንስልኛልን?