«ቡልጋር» እና «ቡልጋሪያዊ» አንድ ናቸው እንዴ?

የቡልጋው፦ ሰላም ቤተሰብ። የታሪክ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንዱ ገጽ ላይ ፈረሰኞች ዳኑብን ይሻገራሉ፣ ሌላው ላይ ሕዝቡ በስላቭ ቋንቋ ይቀድሳል። ሁለቱንም «ቡልጋሪያውያን» ብዬ ጻፍኩ፤ አርታኢው በቀይ አሰመረበት። ቃሉ ከየት መጣ? ከእኛ ቡልጋ ጋርስ ይገናኛል? አያቴ የቡልጋ ሰው ናቸው፣ እንዳትስቁብኝ።

ቀለም ቆጣሪ፦ አርታኢው ልክ ነው። ቡልጋሮች ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን የመጡ፣ የቱርክ ቤተሰብ ቋንቋ የሚናገሩ ፈረሰኞች ናቸው። አስፓሩክ መርቷቸው ዳኑብን ተሻገሩ፤ በ681 እ.ኤ.አ. ቢዛንታይን ሳይወድ በግዱ ተዋዋላቸው። እዚያ የጠበቋቸው ስላቮች ግን በቁጥር ይበልጡ ነበር። ቀስ በቀስ ተዋሃዱ። ቋንቋው የስላቮቹ ሆነ፣ ስሙ የፈረሰኞቹ ቀረ።

ነጭ ጤፍ፦ ስለ ቃሉ ብዙዎች የሚይዙት ግምት ጥንታዊው የቱርክ ግስ «ቡልጋ» ነው፤ ማማሰል፣ ማደባለቅ፣ ማወክ ማለት ነው። የዛሬው ቱርክ ድፍርስ ውሃን «ቡላኒክ» የሚለው ከዚሁ ሥር ነው። ስለዚህ ቡልጋር ወይ «ድብልቅ ሕዝብ» ነው፣ ወይ «አዋኪ»። ሁለተኛው ጎረቤት ያወጣው ስም ይመስላል፤ እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። «አምስት ነገድ» ነው የሚሉም አሉ። ከቮልጋ ወንዝ ነው የሚለውን ግን ተወው፣ ቮልጋ የስላቭ ቃል ነው፤ ከእርጥበት ጋር ይያያዛል።

የቡልጋው፦ ታዲያ «የቮልጋ ቡልጋሮች» የሚሉት?

ቀለም ቆጣሪ፦ ወደ ቮልጋ የሄደው ሌላው ክንፍ ነው። በ922 እ.ኤ.አ. አካባቢ እስልምናን ተቀብለዋል። እነሱን በፍጹም «ቡልጋሪያውያን» እንዳትላቸው።

የሶፊያ ተመላሽ፦ የኔ ልጅ፣ ከቡልጋ ጋር ያለው ግጥምጥሞሽ ብቻ ነው። እኔም እዚያ ተማሪ ሳለሁ ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ ቀልጄዋለሁ! ራሳቸው እኮ «ቡ» አይሉም። አናባቢው ለእኛ «በ» ይቀርባል፤ አገራቸው «በልጋሪያ»፣ ወንዱ «በልገሪን»፣ ሴቷ «በልገርካ»፣ ሲበዙ «በልገሪ»። አንተ ግን የለመድነውን «ቡልጋሪያ» ጻፍ፣ አንባቢ አታደናግር።

የቡልጋው፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አንድ የቀረችኝ፦ ንጉሥ ቦሪስ በ864 እ.ኤ.አ. ሲጠመቅ ሕዝቡን ምን ልበለው?

ነጭ ጤፍ፦ እዚያ ገና እየተደባለቁ ነው። መኳንንቱን «የቡልጋር መኳንንት» በል፣ አገሩን «ቡልጋሪያ»። ከዚያ ወዲያ ላሉት «ቡልጋሪያውያን» ይበቃል። መጀመሪያው ገጽ ላይም አንዲት የግርጌ ማስታወሻ ጣል አድርግ፤ አርታኢው ቀይ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።