የኮሌጅ ፉትቦል ደረጃ፦ በሦስት ጨዋታ ማን ከማን ይበልጣል?

አወያይ፦ የምናወራው ስለ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የአሜሪካን ፉትቦል ነው። የስፖርት ጋዜጠኞች ድምፅ የሚሰጡበት የአሶሺየትድ ፕሬስ የምርጥ 25 ሠንጠረዥ አንድም ጨዋታ ሳይደረግ ኦገስት ላይ ይወጣል። ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) የሚገቡትን የሚመርጠው የ13 ሰዎች ኮሚቴ ግን የመጀመሪያ ደረጃውን ይፋ የሚያደርገው ኖቬምበር መግቢያ ላይ ነው። በመሃል ያለው ደረጃ ይጠቅማል ወይስ ያሳስታል? ቀኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን።

አራተኛ ዳውን፦ ያሳስታል። የ2025ን ውሰዱ። ቴክሳስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ 1ኛ ተብሎ ጀመረ፤ በመክፈቻው በኦሃዮ ስቴት 14–7 ተሸነፈ። 2ኛ የተባለው ፔን ስቴት በኦሪገን፣ በዩሲኤልኤና በኖርዝዌስተርን በተከታታይ ተረትቶ ኦክቶበር 12 አሰልጣኙን ጄምስ ፍራንክሊንን አሰናበተ። 4ኛ የነበረው ክሌምሰን መደበኛውን ውድድር በ7 ድልና በ5 ሽንፈት ጨረሰ። ዋንጫውን ማን ወሰደ? 20ኛ የተባለው ኢንዲያና፣ ያውም 16–0፣ በ16 ድል ያለ ሽንፈት! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ቁጥር ወዳድ፦ ወንድሜ፣ የተሳሳቱትን ብቻ ለቅመህ አመጣህ። ቅድመ ግምቱን ጥለን ውጤት ብቻ እንይ ብንልስ ምን ይመጣል? ኦገስት 30፣ 2025 ፍሎሪዳ ስቴት 8ኛውን አላባማን በሜዳው ታላሃሲ ላይ 31–17 አሸነፈ። ድምፅ ሰጪዎቹ ፍሎሪዳ ስቴትን ከምንም አንስተው 14ኛ አደረጉት፣ አላባማን 21ኛ። መጨረሻው? ፍሎሪዳ ስቴት በ5 ድልና በ7 ሽንፈት ጨረሰ፣ አላባማ ፕሌይኦፍ ገባ። ኦገስት ላይ የነበረው ግምት ከዚያ ቀን ውጤት ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ነበር።

አራተኛ ዳውን፦ ታዲያ ያሸነፈውን ከተሸነፈው በታች ልታስቀምጥ ነው?

ቁጥር ወዳድ፦ አዎ፣ ሂሳቡ ካለ። ቅድመ ግምቱን እንደ 6 ጨዋታ ቁጠረው። ለምሳሌ አላባማ ከአማካይ ቡድን በ18 ነጥብ ይበልጣል፣ ፍሎሪዳ ስቴት በ5 እንበል። በሜዳው ስለተጫወተ ከ14ቱ የነጥብ ልዩነት 2.5 ቀንስ፤ 11.5 ይቀራል። ያን ቀን ፍሎሪዳ ስቴት የተጫወተው እንደ 29.5 (18+11.5) ቡድን ነው። 6 ጊዜ 5፣ ሲደመር 29.5፣ ሲካፈል ለ7፦ 8.5። አላባማ ደግሞ ያን ቀን የ−6.5 (5−11.5) ቡድን ነበር፤ 6 ጊዜ 18፣ ሲቀነስ 6.5፣ ለ7 ሲካፈል 14.5። አላባማ አሁንም በ6 ነጥብ ይቀድማል። ከሦስት ጨዋታ በኋላ የግምቱ ድርሻ ሁለት ሦስተኛ ነው፣ ከስድስት በኋላ ግማሽ። በራሱ ጊዜ ይሟሟል።

ታዛቢ፦ ስለ ፍሎሪዳ ስቴት አንድ የተረሳ ነገር አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ከታችኛው ዲቪዥን የመጣውን ኢስት ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን 77–3 ቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ኬንት ስቴትን 66–10። በእነዚህ ሁለት ጨዋታዎች ስለ ቡድኑ የተገለጠ አዲስ ነገር የለም፤ ደረጃው ግን ከፍ አለና ቨርጂኒያ ሲገባ 8ኛ ነበር። እዚያ 46–38 ተሸነፈ። ሴፕቴምበር ላይ ከፊት ያለው ሲሸነፍ ከኋላ ያለው ቁም ነገር ሳይሠራ ወደፊት ይራመዳል። ይሄ የታክሲ ሰልፍ እንጂ ደረጃ አይደለም።

የአትላንታዋ፦ የነጥቡ አሰጣጥም ያግዘዋል። እያንዳንዱ ድምፅ ሰጪ ለ1ኛ 25፣ ለ2ኛ 24 እያለ ለ25ኛ 1 ነጥብ ይሰጣል፣ ከዚያ ይደመራል። ከላይ ያሉት ቡድኖች ብዙ ነጥብ ስለሚሰበስቡ ልዩነታቸው ግልጽ ነው። ከ18ኛ በታች ግን ጥቂት ሰዎች ሐሳብ ቢቀይሩ ብዙ ደረጃ ይዘለላል። 22ኛና 25ኛ ላይ መጨቃጨቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ቁጥር ወዳድ ሆይ፣ የአንተ ሂሳብ ዋና ችግር ግን ያ 18 እና 5 ከየት መጣ የሚለው ነው። ያለፉት ዓመታት ውጤት፣ ለአዲስ ምልምሎች የሚሰጠው የኮከብ ደረጃ፣ ከዓምና የተመለሱ ተጫዋቾች፤ አይደል? በትራንስፈር ፖርታል (ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ በሚቀይሩበት ሥርዓት) ኳርተርባክ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ በአንድ ክረምት በሚቀየርበት ዘመን የሦስት ዓመት ታሪክ ምን ይነግርሃል? ኳርተርባኩ ፈርናንዶ ሜንዶዛ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ነው ኢንዲያናን የመራው።

ቁጥር ወዳድ፦ እህቴ፣ እሱን እቀበላለሁ። ኳርተርባክና አሰልጣኝ ለቀየረ ቡድን 6ቱን ወደ 3 ማውረድ ይቻላል። የነጥብ ልዩነቱ ደግሞ 24 ላይ ይገደብ፤ አለዚያ 77–3 ሠንጠረዡን ያበላሻል።

ታዛቢ፦ ገደቡ ኢንዲያናን ይደብቅብሃል። ሴፕቴምበር 20 ላይ 9ኛውን ኢሊኖይን 63–10 ሲያሸንፍ፣ 24 ብለህ ብትቆርጠው ዋናውን ምልክት ጣልከው ማለት ነው። ከነጥብ ይልቅ የተሳካ ሙከራን ቁጠር፤ በመጀመሪያ ዳውን (10 ያርድ ለመግፋት ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች በአንደኛው) ከሚያስፈልገው ያርድ ግማሹ፣ በሁለተኛው 70 በመቶው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሙሉው ከተገኘ ተሳክቷል። አራተኛው ሩብ ላይ ልዩነቱ ከ22 ካለፈ ቀሪውን አትቁጠር፤ ተጠባባቂዎች ናቸው የሚጫወቱት። ፋምብልንም (ከተጫዋች እጅ ያመለጠ ኳስን) ለብቻው እየው። ኳሷ ከወደቀች ማን እንደሚያነሳት ግማሽ በግማሽ የሆነ ዕድል ነው፤ በሦስት ጨዋታ ሁሉንም ያነሳ ቡድን ሊኖር ይችላል፣ ዘላቂ ግን አይደለም።

አራተኛ ዳውን፦ ይሄ ሁሉ ወደፊት ማን ያሸንፋል የሚል ትንበያ ነው። ደረጃ ማለት የተሠራ ሥራ ነው። በ2023 ኮሚቴው ኳርተርባኩ ጆርዳን ትራቪስ ስለተጎዳ 13–0 የነበረውን ፍሎሪዳ ስቴትን አስቀርቶ አንድ ሽንፈት ያለበትን አላባማን አስገባ። ትንበያን ደረጃ ካላችሁት መጨረሻው ያ ነው።

ቁጥር ወዳድ፦ የዲሴምበሩን አትቀላቅል። ከ12 ጨዋታ በኋላ የተሠራው ይቆጠር፣ እኔም እስማማለሁ። ሴፕቴምበር ላይ ግን ከ130 በላይ ቡድን አለ፣ አብዛኞቹ ገና እርስ በርስ አልተገናኙም። የሚነጻጸር ሥራ ሳይኖር በምን ትለካቸዋለህ?

የአትላንታዋ፦ ኖተር ዳምን አስቡት። ሴፕቴምበር 7፣ 2024 5ኛ ሆኖ በሜዳው በኖርዘርን ኢሊኖይ 16–14 ተሸነፈና 18ኛ ተደረገ። ያው ቡድን የዋንጫ ጨዋታ ደረሰ። በሥራው ስንለካው 18ኛ መባሉ እንኳ ሲበዛለት ነው፤ በአቅሙ ስንለካው ደግሞ ከ10 መውጣት አልነበረበትም። ስለዚህ ሁለት ዓምድ ይውጣ፦ አንዱ የተሠራው፣ ሌላው የሚጠበቀው። ማደባለቁ ነው የሚያጣላን።

አራተኛ ዳውን፦ ሁለት ዓምድ ከወጣ ቴሌቪዥኑ ከቡድኑ ስም ጎን የትኛውን ቁጥር ይለጥፋል?

የአትላንታዋ፦ እስከ አምስተኛው ሳምንት ምንም ባይለጥፍስ?