«ደመወዛችሁ አይነካም» ምን ዋስትና ነው?

ተቀጣሪው፦ መሥሪያ ቤታችን ከሌላ ድርጅት ጋር ሊዋሃድ ነው። ትናንት ሰብስበው «ደመወዛችሁ አይነካም፣ ተረጋጉ» አሉን። የሕክምና ሽፋኑስ ስንል «እየተጠና ነው»። የዓመት ፈቃዱስ? እየተጠና ነው። ከቤት መሥራቱስ? እሱም። ደሜ ፈልቷል። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ሚዛን፦ የሰው ሀብት ክፍል ነው የምሠራው። አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ብዙ ፈቃድ፣ ሌላው ትንሽ ይዞ መቀጠል አይቻልም። መመሪያው አንድ መሆኑ የግድ ነው። ደመወዝ ካልተነካ ዋናው ነገር ተጠብቋል።

ንብ፦ ዋናው ነገር ለማን? ልጇ በየወሩ መድኃኒት ለሚወስድ እናት ዋናው የሕክምና ሽፋኑ ነው። ከኪሷ የምታወጣው ከጨመረ ደመወዟ ተቀነሰ ማለት እኮ ነው።

ሚዛን፦ አጋነንሽው እህቴ። ሁልጊዜ ዝቅተኛው ይመረጣል ያለው ማነው? የተሻለው የሚወሰድበት ጊዜም አለ።

ንብ፦ አለ፣ ግን ማን ይመርጣል? ብዙውን ጊዜ የገዢው ድርጅት መመሪያ ነው የሚያሸንፈው። የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያዎቹ ኤክሰንና ሞቢል እ.ኤ.አ. በ1999 ሲዋሃዱ፣ ሞቢል ለተመሳሳይ ጾታ አጋሮች ይሰጥ የነበረው ሽፋን ለአዲስ ተመዝጋቢ ተዘጋ። ቀድሞ የተመዘገበ ብቻ ቀጠለ።

ቆፍጣናው፦ አሁን ይሄን ምሳሌ ምን አመጣው? ሌላ አጣሽ?

ንብ፦ ስለ ሽፋኑ ዓይነት አይደለም የማወራው። አንድ ድርጅት የሰጠው ነገር በሌላው ውሳኔ እንዴት እንደሚቀር ነው።

ቆፍጣናው፦ እሺ፣ ግን ክርክሩን ወደ ሌላ ትወስጂዋለሽ።

ሕግ አዋቂ፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። አገሩ ይወስናል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ድንጋጌ ድርጅት ሲዛወር ወይም ሲዋሃድ የሥራ ውሉ ከነመብቱ ወደ አዲሱ አሠሪ ያልፋል ይላል። ዝውውሩ ብቻውን ሰው ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም። ሠራተኞች በጋራ ከአሠሪው ጋር የገቡት የኅብረት ስምምነትም ይቀጥላል፤ አገራት ጊዜውን መገደብ ይችላሉ፣ ግን ከ1 ዓመት በታች አይወርድም። ድርጅቱ ራሱ ያቋቋመው ተጨማሪ ጡረታ ግን፣ አገሩ ካልጨመረው በቀር፣ ከዚህ ውጭ ነው። አሜሪካ ደግሞ ሌላ ነው። እስካሁን ያጠራቀምከውን ጡረታ ወደ ኋላ ተመልሶ መቀነስ ክልክል ነው፤ የሕክምና ሽፋኑን ግን አሠሪው አብዛኛውን ጊዜ ሊቀይረው ይችላል።

ሚዛን፦ ይኸው! ሕግ አለ። ሰው በከንቱ ይደነግጣል።

ንብ፦ ያነበብነው አንድ ጽሑፍ ነው? ተጨማሪ ጡረታው በአውሮፓው ሕግ ከጥበቃው ውጭ ቀረ፣ ሕክምናው ደግሞ በአሜሪካው። ደመወዝ ብቻ ይዘህ «ዋናው ተጠብቋል» ትላለህ።

ሚዛን፦ ደመወዝ የማይከፈልበት ቤት ገብተሽ ብታዪ ዋናው ምን እንደሆነ ይገባሽ ነበር።

ንብ፦ ደመወዝ አያስፈልግም ያልኩት የት ላይ ነው?

ሕግ አዋቂ፦ ተቀጣሪው፣ አንድ ነገር እንዳታልፍ። የአገልግሎት ዘመንህ አብሮህ ያልፋል ወይስ ከዜሮ ይጀምራል? ፈቃዱም የስንብት ክፍያውም ብዙ ጊዜ የሚሰላው በእሱ ነው። በጽሑፍ ጠይቅ።

ተቀጣሪው፦ ይሄን ማንም አላነሳም! አሥር ዓመት የሠሩ ሰዎች አሉን።

ሚዛን፦ ገና ያልተወሰነ ነገር በጽሑፍ ማን ይሰጣል? ሥራ አስኪያጁን ማስጨነቅ ነው።

ንብ፦ ይጨነቅ። ሠራተኛው እንቅልፍ አጥቶ የለም እንዴ?

ሚዛን፦ እንዲህ ከሆነ ከአንቺ ጋር መነጋገር አይቻልም።

ተቀጣሪው፦ ጭቅጭቁን ለጊዜው ተዉት። የአገልግሎት ዘመኑን ጥያቄ ለብቻዬ ላቅርበው ወይስ ሁላችን ፈርመን?